ቤንዚን አልጎድል ያላት መኪና

አስተማሪ በመሆኔ ነው እንዲህ የሆንኩት ወይስ እንዲህ በመሆኔ ነው አስተማሪ የሆንኩት፣ አላውቅም። ብቻ አንድ ነገር ከገባኝ፣ አጠገቤ ያለው ሰው ሳይገባው ሲቀር እረፍት የለኝም። ሊፍት ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር ብቆም ሊፍት እንዴት እንደሚሠራ እናገራለሁ። ተማሪዎቼ ይህን ጠባዬን ነቅተውበታል፤ ፈተና ይኖራል ብለው በጠረጠሩ ቀን አንዱ እጁን አውጥቶ ረጅም መልስ ያለው ጥያቄ ይጠይቀኛል። እኔ ሰሌዳው ላይ እየሣልኩ ሳስረዳ ደወል ይደወላል፣ ፈተናውም ለሌላ ቀን ያድራል። ይህ ዘዴ መሆኑን ያወቅሁት በዓመቱ መጨረሻ አንዷ በጻፈችልኝ የምስጋና ካርድ ነው።

እንግዲህ የቤንዚን ዋጋ መውጣት ሲጀምር እኔን ማን ያስቁመኝ።

የምኖረው ሚኒሶታ ውስጥ፣ ኒው ሆፕ በምትባል ከተማ፣ በጡብ በተሠራ አሮጌ አፓርታማ ነው። በአዘቦት ቀን እዚያው አቅራቢያ ባለ ትምህርት ቤት የኅብረተሰብ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ፊሊፕስ ሰፈር፣ በአንድ አዳራሽ፣ እዚህ ለተወለዱ ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ። መኪና የለኝም። ቅዳሜ የሚወስዱኝ ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት አቦይ ናቸው።

አቦይ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ታክሲ የነዱ፣ እዚህ መጥተው ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ የተማሪዎች አውቶቡስ የነዱ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። አማርኛቸው ከኔ የጠራ ነው። እዚህ አገር ሁላችንም ቤንዚንን "ጋዝ" ስንል አይወዱም፤ "ጋዝ የፋኖስ ነው፣ ቤንዚን በሉ" ይላሉ። እኔን፣ ከልጃቸው የማንሰውን ሴት፣ "የኔታ" ይሉኛል። መጀመሪያ አክብሮት መስሎኝ ነበር።

ከፊት ወንበር የሰፈራችን ሰው አዴ ይቀመጣሉ። አዴ ኩን ራፒድስ ባለ የልብስ መደብር የሚሠሩ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ሰፋ ያሉ የአርሲ እናት ናቸው፤ ቅዳሜ ፊሊፕስ እህታቸው ዘንድ ሄደው ሐላል ሥጋ ገዝተው ይመለሳሉ። ከኋላ ከኔ ጋር ሌላው የሰፈራችን ሰው፣ ፖለቲከኛው አለ። ፖለቲከኛ አይደለም፤ ፊሊፕስ ያለ ሆስፒታል ውስጥ አልጋ የሚገፋ ሰው ነው። ነገር ግን በረዶ ቢዘገይም፣ ሽንኩርት ቢወደድም፣ ሺፍቱ ቢቀየርም ነገሩን ዞሮ ዞሮ ፕሬዚዳንቱ ላይ ስለሚያሳርፈው ስሙ እንዲሁ ቀረ። የትኛው ፕሬዚዳንት እንደሆነ ለውጥ የለውም።

የዚያች መኪና ሕግ አንድ ነው፦ ገንዘብ አይነሳም። አንድ ጊዜ ፖለቲከኛው ሲወርድ የተጠቀለለ ብር ወንበሩ ላይ ትቶ ሄደ። አቦይ መኪናዋን አቁመው፣ ሆስፒታሉ ድረስ ተከትለው ገብተው፣ በበሽተኞች ፊት "ይቺን ጥለሃል" ብለው እጁ ላይ አስቀመጡለት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቅዳሜ በመስታወት እንኳ አላዩትም። "ታክሲ ነድቻለሁ" አሉ፣ ለሱ ሳይሆን ለመንገዱ። "ነድቼ ጨርሻለሁ።"

ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ገና ሀይዌይ ሳንገባ፣ ሲያትል ያለችው ልጃቸው ትደውላለች። ስልኩ በስፒከር ስለሆነ የምትለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ መኪናዋን ይሽጡ፣ እኔ ጋ ይምጡ፣ ክፍሉ ተዘጋጅቷል፣ መስኮቱ ባሕር ያሳያል። የሳቸውም መልስ ያው ነው፤ ሰው የምትጭን መኪና አትሸጥም። ወንበሮቿ ባዶ የሆኑ ዕለት እሸጣታለሁ፣ እመጣለሁም ይሏታል። ስልኩን ከዘጉ በኋላ አንድ ቀን፣ "እዚያ እኮ የምጫነው እኔ ነኝ" አሉን። ያቺን ቃል ሁላችንም ያዝናት። ሲያትልን አቦይ የሚፈሩት በባሕሩ ምክንያት አልነበረም።

በዚያ ጸደይ በመንገዳችን ላይ ያለው ማደያ ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር በየሳምንቱ ይቀይር ጀመር። በየሳምንቱም ወደ ላይ። ፖለቲከኛው ባየው ቁጥር የፕሬዚዳንቱን ስም ይጠራል፤ አዴ "ነጋዴ ነው" ይላሉ፤ እኔ ሁለቱም በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ ትክክል እንዳልሆኑ አስረዳለሁ። በመስኮቱ ጉም ላይ በጣቴ ካርታ ሣልኩ። ዘይቱ ከመሬት ይወጣል፣ ይጓዛል፣ ይጣራል፣ ይከፋፈላል፤ በየደረጃው የሚነካው እጅ አለ። አምራች አገሮች ተሰብስበው ጥቂት እናውጣ ሲሉ ይወደዳል። መርከብ የሚያልፍበት ጠባብ ባሕር አጠገብ ጦርነት ሲነሳ፣ መርከቧ በሰላም ብታልፍ እንኳ የፍርሃቱ ዋጋ ይጨመርበታል። በጸደይ ማጣሪያዎች ለጥገና ይዘጋሉ። ከዚያ ግብር አለ።

"ቆይ" አለ ፖለቲከኛው። "የኛ ከካናዳ በቧንቧ ነው የሚመጣው ብለሻል። ማጣሪያውም እዚሁ ከሴንት ፖል በታች ነው፣ ጭሱ ይታያል። ዓረብ አገር ቢዋጉ ካናዳን ምን አገባት?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብልኝ ፊቴ እንደሚበራ ይነግሩኛል።

"የማረቆ በርበሬን በሽታ ቢመታው" አልኩት፣ "የአላባው ነጋዴ በርበሬውን ባምናው ዋጋ ይሸጥልሃል?"

አዴ በሱ ፈንታ መለሱ፤ አይሸጥም፣ እኔም ብሆን አልሸጥም አሉ። ቀጥለው ግን ወደኔ ዞረው እስከ ዛሬ በደንብ ያልመለስኩትን ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ማደያው መሬት ውስጥ ያለው ቤንዚን ባለፈው ሳምንት በርካሽ የገዛው ከሆነ፣ ዛሬ ለምን በዛሬው ዋጋ ይሸጠዋል? ነገ የሚገዛው በውድ ስለሆነ ነው አልኩ። ታዲያ ነገ ርካሽ ሲሆን ዛሬ ቀድሞ ለምን አይረክስም? እሱ፣ አልኩ፣ ሲወጣ በሊፍት ነው፣ ሲወርድ በደረጃ። ከዚያ ሊፍት እንዴት እንደሚሠራ ወደ ማስረዳት ልገባ ስል አቦይ አቋረጡኝ።

"በየካቲት ስድሳ ስድስት" አሉ፣ "ቤንዚን ላይ ጨመሩብን።"

ታሪኩን ሰምተነዋል። ቢሆንም አንድም ሰው አይከለክላቸውም። ያኔ አቦይ ሹፌርነት ከጀመሩ ገና ጥቂት ጊዜ ነበር። ቤንዚን ሲወደድ የታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቆሙ፣ ተማሪው ወጣ፣ አስተማሪው ወጣ፣ ወታደሩ ተነሳ፣ ዓመቱ ዞሮ መስከረም ሲጠባ ንጉሡ ከዙፋን ወርደው ነበር። ፖለቲከኛው ሁልጊዜ የሚጠይቀውን ጠየቀ፦ እርስዎስ የዚያን ዕለት ምን ሠሩ?

"ተኝቼ ዋልኩ" አሉ አቦይ። "አድማ ነዋ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲያ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም። ንጉሡ ግን ወረዱ።" ማደያውን በአገጫቸው አሳዩን። "እዚህ ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን ይሰድብና ይቀዳል። እየተሳደበ ይቀዳል። በዚህ መልክ ማንም አይወርድም።"

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ነገር ግን ትምህርቴን በተግባራዊ ምክር መዝጋት ልማዴ ነው። እንግዲህ እኛ በግላችን ምን ማድረግ እንችላለን አልኩ። ጎማ በደንብ መነፋት አለበት። ሹፌር ድንገት ፍሬን ባይረግጥ ይመረጣል፤ ቤንዚን ያባክናል። በመጨረሻም መኪና ጭነት በበዛባት መጠን ብዙ ትጠጣለች።

አቦይ ያን ጊዜ ቀይ መብራት ደርሰው ድንገት ፍሬን ረገጡ። አዴ ቀበቷቸውን ሳብ አድርገው አስተካከሉ። ፖለቲከኛው የምሳ ቦርሳውን ከወለሉ አንስቶ፣ መኪናዋን ያቀለለላት ይመስል፣ ጭኑ ላይ አደረገ። እኔ ትምህርቱ ገብቷቸው ነው አልኩ በልቤ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዴ ራሴን አመመኝ ብለው ቀሩ። በዚያኛው ደግሞ ፖለቲከኛው ሺፍቴ ተቀየረ አለ። የአዴ ራስ ምታት አልለቀቃቸውም። እኔና አቦይ ብቻ ቀረን፤ እኔ ከኋላ፣ ከቦታዬ ሳልነቃነቅ፣ እሳቸው ከፊት፣ አጠገባቸው ባዶ ወንበር። ልጃቸው ስትደውል፣ ሰው አለ ወይ ብላ ስትጠይቅ፣ "የኔታ አለች" አሏት፤ እንደ ሰው መቆጠሬን ከድምፃቸው እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ መብራት ላይ ቆመን ሳለ አዴን አየናቸው። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ፣ በዝናብ፣ በሁለት እጃቸው ዘንቢል ይዘው ቆመዋል። እሳቸውም አዩን። አዩንና ያን የሚያህል ሰው ከፌርማታው ምሰሶ ኋላ ለመደበቅ ሞከሩ።

አቦይ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ፣ የኋላው መኪና ጡሩንባ ነፍቶ፣ ቆይተው ነዱ።

"ራሳቸውን ተሽሏቸዋል" አሉ። ቀጥለውም፣ "ፍሬን እንደማበዛ አንቺም ተናግረሻል፤ አልተቀየምኩም፣ አስተማሪ ነሽ። ሽማግሌ ነው፣ ይገድለናል ብለው ነው የሸሹኝ። አውቶቡሱ ይሻላቸዋል። እኔም አውቶቡስ ነድቻለሁ፣ አውቃለሁ፣ ይሻላል።"

በማግስቱ ከመስኮቴ ቁልቁል ሳይ መኪናዋን እያጠቡ ነበር። አቦይ መኪና አጥበው አያውቁም፤ ሚኒሶታ ጨው እስካለ ማጠብ ከንቱ ነው ይላሉ። ምንጣፎቹን ሳይቀር አውጥተው አራግፈዋል። እንዲህ የሚጸዳ መኪና የሚሸጥ መኪና ነው።

ወዲያው አዴ ቤት ሄድኩ። አዴ በሩን ከፍተው፣ አስገብተው፣ ሻይ ቀድተው፣ ምን እንደምጠይቃቸው አውቀው ጠበቁኝ። የአቦይ አነዳድ አስፈርቷቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። እንደ እብድ አዩኝ። በሕይወታቸው እንደ አቦይ ያለ ሹፌር አላዩም።

"አንቺ አይደለሽ እንዴ" አሉ፣ "ሰው ሲከብድ ጋዝ ይበላል ያልሽው? እኔን እያየሽ?"

"እርስዎን እያየሁ አልነበረም።"

"ታዲያ ከፊትሽ ማን ነበረ? አቦይ ጡረተኛ ነው፣ ሳንቲም አይቀበል፣ እኔ በዚህ ኪሎዬ ላይ ሥጋ ጨምሬ እንዴት ልቀመጥበት? ይሉኝታ የለኝም እንዴ፣ ልጄ?"

ፖለቲከኛውም እንዲሁ ነበር። ሺፍቱ አልተቀየረም፤ ሁለት አውቶቡስ እየያዘ፣ ፕሬዚዳንቱን እየረገመ፣ አርፍዶ ይገባል። ሁለቱም አቦይን ላለመጉዳት ሸሹ፤ አቦይ ደግሞ የተሸሹት በፍሬናቸው መስሏቸዋል። ሁሉም ከአንድ አፍ በወጣ ምክር። ሄደን እውነቱን እንንገራቸው እንዳንል፣ የቤንዚንን ነገር ማንሳት የገንዘብን ነገር ማንሳት ነው፤ ያ ደግሞ ወንበር ላይ ብር እንደ መጣል ነው።

ሥርዓት ያለው መፍትሔ አመጣሁ። ተሳፋሪዎቹ በየምክንያታቸው ይመለሳሉ። ቤንዚኑን ግን በየተራ፣ እሳቸው ሳያዩ፣ እንሞላለን። መኪናዋ አሮጌ ስለሆነች የቤንዚን ክዳኗ በጣት ይከፈታል። በረዶ መጥረጊያ ማሽን ላላቸው ሰዎች የሚሸጠው ቀይ ጀሪካን ደግሞ በየሱቁ አለ። ተራውን ራሴ አወጣሁ፤ አንድ ሳምንት አዴ፣ አንድ ሳምንት ፖለቲከኛው፣ አንድ ሳምንት እኔ። ሁለቱም አጨበጨቡልኝ ማለት ይቻላል።

ያላሰብኩት ግን ይሉኝታ ተራ እንደማያውቅ ነበር። አዴ በፖለቲከኛው ሳምንት፣ እሱ ቢረሳስ ብለው፣ ጥቂት ጨመሩ። ፖለቲከኛው በአዴ ሳምንት፣ ሴት ልጅ ጀሪካን ተሸክማ እኔ ዝም ብዬ ልይ ብሎ፣ ጨመረ። እኔ ሁለቱም ሳይረሱ አይቀሩም ብዬ በሁሉም ሳምንት ጨመርኩ።

ውጤቱም መጀመሪያ ሸጋ ነበር። ወንበሮቹ ሞሉ፤ አቦይ የልጃቸውን ስልክ "ቦታ የለም፣ ጢም ብለናል" ብለው መለሱ። ከዚያ ግን የቤንዚን መለኪያዋን አተኩረው ያዩ ጀመር። መርፌዋ ሙሉ ላይ ናት። ሄደን መጣን፣ ሙሉ ላይ ናት። በልማዳቸው ማደያ ገብተው ለመቅዳት ሲሞክሩ ማሽኑ ጠብ ሳያደርግ ይዘጋል።

ከዚህ ተነስተው የራሳቸውን የኢኮኖሚ ትምህርት አወጡ። ቤንዚን አልተወደደም። የጋዜጣ ወሬ ነው። ቢወደድ ኖሮ እኔ ላይ ለምን አልታየም? ይህንኑ ሻይ ቤት ለሽማግሌዎች ሁሉ አስተማሩ። ፖለቲከኛው፣ ጸደዩን ሙሉ በዋጋው ፕሬዚዳንቱን ሲከስ የኖረው ሰው፣ ከኋላ ወንበር ላይ ከንፈሩን ነክሶ "ይሆናል፣ አቦይ" ይላል። እንዲያ ሲሰቃይ አይቼው አላውቅም። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ የማውቀውን ነገር እያወቅሁ ዝም አልኩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አቦይ ግን የሹፌር ሕሊና አላቸው። አንድ ዓርብ ከሥራ ስመለስ በር ላይ አገኙኝ። መካኒክ ዘንድ ወስደዋት ነበር፤ መካኒኩ ምንም የላትም አላቸው፤ ይህም ይበልጥ አስፈራቸው።

"መለኪያዋ ደርቋል" አሉ። "ሰልባትዮው ውስጥ ያለው ጠብታ ይሁን ጋን አላውቅም። አንድ ቀን ሀይዌይ መሐል ቀጥ ትላለች፣ እናንተን ይዛ። ልኳን የማላውቃትን መኪና ሰው አልጭንባትም። ሰኞ የሚገዛ ሰው ይመጣል።"

ሰልባትዮ ማለት የቤንዚን ታንክ ነው። ይህን እንኳ ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም። ደግነታችን ለመኪናዋ መሸጫ ምክንያት ሆነ።

አዴና ፖለቲከኛውን ለማስጠንቀቅ ደወልኩ፤ ሁለቱም አላነሱም። የበጋ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ በመስኮት ቁልቁል ሳይ ሁለቱም ከመኪናዋ ኋላ ናቸው። ሮጥኩ። አዴ ጀሪካናቸውን አንስተዋል፣ ፖለቲከኛው የራሱን። ተራው የማንኛቸውም አልነበረም፤ የኔ ነበር።

"እኔ ልሙላ፣ አዴ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ።"

"እጅህን አንሳ። ባለፈው አንተ ሞልተሃል፣ አይቼሃለሁ።"

"እርስዎስ ያለ ተራዎ አልሞሉም?"

ምግብ ቤት ሂሳብ ሲመጣ የምንታገለውን ትግል፣ ክንድ መያዙን፣ መገፋፋቱን፣ መማማሉን፣ በቤንዚን ሲያደርጉት ቆሜ አየሁ። ጠቡን ያባሰው ታንኩ ለአንድ ጀሪካን እንኳ ቦታ ስላልነበረው ነው። እኔም ገብቼ፣ ተራ የወጣው ለዚህ ነው፣ ዛሬ የኔ ነው እያልኩ ስጎትት፣ ከኋላ በር በኩል ሲጥ፣ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማን። በእጅ የሚዞረው መስኮት ቀስ እያለ ወረደ። የአቦይ ራስ ወጣ።

መኪናዋ ቆማም መለኪያዋ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ለማየት ገብተው፣ ከኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ኖሯል።

"አቦይ፣ እዚያ ውስጥ ምን ይሠራሉ?" አለ ፖለቲከኛው፣ ጥፋተኛው እሳቸው የሆኑ ይመስል።

አቦይ ሁለቱን ቀይ ጀሪካኖች አዩ። ክፍቱን ክዳን አዩ። ከመኪናዋ ወርደው ክዳኑን ራሳቸው ዘጉ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም፣ ይህም የባሰ ሆነ።

"ለካ ታክሲ ነው የምነዳው" አሉ።

ቁልፋቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ይህን ቃል ይዘው ደጃፉን ካለፉ ሰኞን እንደማይጠብቁ፣ ያኔውኑ ሲያትል እንደሚደውሉ ሁላችንም አወቅን።

"ታክሲ አይደለም" አሉ አዴ። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጡት። "ደቦ ነው። አንድ ሰው እርሻው ሲከብደው ጎረቤቱ መጥቶ ያርሳል። ከፈለው ይባላል?"

አቦይ ቆሙ። "እኛ ወፈራ እንለዋለን" አሉ። ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እኔ ስነዳችሁ እናንተ ከሞላችሁ ሰጥቶ መቀበል ነው፤ ሰጥቶ መቀበል ደግሞ ያው ንግድ ነው አሉ።

"እሱ ወንፈል ነው" አልኩ። ልቆጣጠረው አልቻልኩም፤ ራሱ ወጣ። "ይለያያሉ። ወንፈል ዛሬ ለኔ ነገ ላንተ ነው፣ ቀን ይቆጠርበታል፣ ዕዳም አለው። ደቦ ግን አይቆጠርም። የመጣው ይመጣል፣ ባለ እርሻውም የሚመልሰው ሥራ የለም። ግዴታው አንድ ብቻ ነው፤ የመጣውን ማብላት።"

አዴ በዓይናቸው ዝም በይ አሉኝ። አቦይ ግን የየካቲት ስድሳ ስድስትን ታሪክ ሲያወሩ እንደሚሆኑት ዓይናቸው በርቶ ነበር።

"ካላበላስ?"

"ካላበላ ደቦ አይባልም።"

"ጠላስ?"

"እኔ ጠላ አልጠጣም" አሉ አዴ።

"ለርስዎ ሻይ" አሉ አቦይ። ከኪሳቸው ቁልፉን አወጡና ወደ ፖለቲከኛው ዞሩ። "ነገ ከትምህርቷ በኋላ ምሳ የኔ ነው። እምቢ የሚል ጀሪካኑን ይዞ ይሂድ።"

እምቢ ያለ የለም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊሊፕስ ምሳ እንበላለን። አቦይ ለሁላችን ያዛሉ፤ ለአዴ ከሻይ ጋር ሁለት ዓይነት ሥጋ፣ ለፖለቲከኛው ክትፎ፣ አስተማሪ ከስታለች ብለው ለኔ የሁለት ሰው። ሂሳቡ ለቤንዚኑ ከምናወጣው እንደሚበልጥ ለማወቅ የኅብረተሰብ ሳይንስ መማር አያስፈልግም። እንጀራውም ሥጋውም በናፍጣ መኪና ስለሚመጣ በየሳምንቱ ይወደዳል። ሁለቱንም አልተናገርኩም። ጎማ ስለ መንፋት እንኳ አልተናገርኩም።

ባለፈው ቅዳሜ ትሪው ገና እንደ ቀረበ ልጃቸው ደወለች። መኪናዋ ተሸጠች ወይ አለች።

"እርሻ ይሸጣል እንዴ?" አሏት።

የምን እርሻ አለች። የደቦው እርሻ አሏት። በትግርኛም፣ በእንግሊዝኛም፣ በመካከላቸውም ደግማ ደጋግማ ጠየቀች፤ አባቷ ሚኒሶታ ላይ መሬት የገዙ መስሏት ድምፅዋ ቀጠነ። አቦይ ጉርሻቸውን እንደያዙ ስልኩን በትሪው ላይ አሻግረው ወደኔ ዘረጉት።

"የኔታ" አሉ፣ "እስቲ አስረጃት።"

አዴ በረጅሙ ተነፈሱና የኔን ድርሻ ወደ ፖለቲከኛው ገፋ አደረጉለት። እኔ እጄን በሶፍት ጠርጌ ስልኩን ተቀበልኩ፣ ከማረቆ በርበሬም ጀመርኩ።